ራዲያተሩ ፊት የቀረው ካርቶን

የዚያን ቀን ሞተሩን ያፈላው ካርቶን ነው። ካርቶኑን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በሙያዬ ስለለመድኩት ነው፤ ዋናው ነገር ይቀድማል፣ ዝርዝሩ ይከተላል።

ደባርቅ በጥር ይበርዳል። ውጭ ያደረ ውሃ ላዩ ላይ ስስ በረዶ ይሠራል። የናፍጣ ሞተር ጠዋት ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ያስላል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ እስኪሞቅ ብዙ ያስጠብቃል። የአገሩ ሾፌሮች ለዚህ መላ አላቸው። ካርቶን በልኩ ቆርጠው ከመኪናው የፊት ፍርግርግና ከራዲያተሩ መካከል ይሰካሉ። ነፋሱ ሲጋረድ ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል። ዳባት ሲደርሱ ፀሐዩም በርትቷልና ወርደው ያወጡታል። እኔም ከዓመታት በፊት ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ተምሬ፣ ደባርቅ ባደርኩ ቁጥር እንደዚሁ አደርግ ነበር። መኪናዬ አሮጌ ደብል ጋቢና ናት። ለዘገባ ስወጣ ራሴ ነኝ የምነዳት።

ያን ሰሞን ስለ ድንች በሽታ ልዘግብ ሁለት ቀን ደባርቅ ሰንብቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ካርቶኔን ሰክቼ፣ ሞተሩን አስነስቼ፣ መስታወቱ ላይ ያደረውን ውርጭ ስፍቅ አንዲት አዋላጅ ነርስ ወደ ፔንሲዮኑ ግቢ ገባች። ነጭ ጋውኗ ላይ ጋቢ ደርባለች። ከኋላዋ አንድ ወጣት ገበሬ ቆሟል።

"ጎንደር ነው የሚሄዱት?"

"አዎ።"

"የዚህ ሰው ሚስት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ከመካነ ብርሃን ወዲያ ካለ ቀበሌ በቃሬዛ አውጥተው፣ ከዚያ በጭነት መኪና ነው ያመጧት። ልጁ አግድም ተኝቷል፤ ያለ ኦፕራሲዮን አይወጣም። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ እንደወጣ ነው። ሌላ መኪና አጣሁ።"

እውነቷን ነው። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ሕዝብ የሚጭን መኪና እምብዛም አይታይም ነበር።

"ልጁ በሕይወት አለ?" አልኳት።

"አሁን አዳምጬው ነው የመጣሁት። ልቡ ይመታል።"

"ስንት ሰዓት ይሰጠናል?"

"እኔ ሰዓት አልሰጥም። ፈጠን ይበሉ ብቻ" አለችና የጻፈችውን ወረቀት ለባልየው ሰጠችው። ወረቀቱን እንደ ክታብ አጥፎ ደረቱ ውስጥ ከተተው።

ልጅቱን ከኋላ ወንበር ላይ አጋደምናት፤ ራሷን አብረዋት በመጡት እናቷ ታፋ ላይ አደረገች። ሃያ ዓመት የሚሞላት አይመስለኝም። የመጀመሪያዋ ነው። ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር።

"ልጄ፣ መስኮቱን ዝጋልን፣ ብርድ እንዳያገኛት" አሉኝ እናቷ።

ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ካርቶኑን በመስካቴም ደስ አለኝ፤ ዛሬ እንኳን ጋቢናው ቶሎ ሞቀ ብዬ ማሰቤን አስታውሳለሁ። ከደባርቅ ስንወጣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር። የመነሻ ሰዓት በማስታወሻ ደብተሬ ላይ መጻፍ ልማዴ ነው።

ባልየው ከፊት ከኔ ጎን ተቀምጦ በየጉድጓዱ እጀታውን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል፤ ሚስቱ ባቃሰተች ቁጥርም አብሮ ያቃስታል።

"አንተ ደግሞ" አሉት አማቱ፣ "ምጡ አንተን የያዘህ ይመስል ምነው እንዲህ ታቃስታለህ?"

"ተይው እማ" አለች ልጅቱ ከኋላ፣ በሁለት ሕመም መካከል ባገኘችው ፋታ። "እሱም ያምጥ። ሥራው አይደል?"

ሳቅን። ባልየውም ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ዳባት ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። የምቆመው ሻይ ልጠጣ ነው። ሻዩ እስኪቀርብ ካርቶኑን አወጣለሁ። ለዓመታት ካርቶኑን ሲያስታውሰኝ የኖረው ሻዩ እንጂ ጭንቅላቴ አለመሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ ያን ቀን ሻይ አልነበረም። ኬላው ላይ የቆመው ጠባቂ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ወደ ኋላ ሲያይ ገመዱን ወዲያው ዝቅ አደረገልን። አለፍን።

ከዳባት አለፍ እንዳልን ልጅቱ "አፈነኝ" አለች። ግንባሯ በላብ ርሷል። ማሞቂያውን ዘጋሁት። እስከዚያ ድረስ ማሞቂያው የሞተሩን ትኩሳት ወደ ጋቢናው እየሳበ ስህተቴን ሸፍኖልኝ ነበር። ከተዘጋ በኋላ፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚያወጣውን ዳገት ስንጀምር፣ የሙቀት ጌጁ መርፌ መውጣት ጀመረ። ከቀዩ ሲደርስ ዳር ይዤ ቆምኩ። ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት።

"ምን ሆነች?" አለ ባልየው።

"ፈላች። ትንሽ እናቀዝቅዛት።"

ኮፈኑን ከፈትኩ። የትኩስ ብረትና የላስቲክ ሽታ ፊቴን መታኝ። ትኩስ ራዲያተር እንደማይከፈት አውቃለሁ፤ ክዳኑን አልነካሁም። እስኪበርድ ድረስ የሚታየውን ሁሉ በተራ አየሁ። ቬንትሌተሩን የሚያዞረው ቺንጊያ አልተበጠሰም፣ አልላላም። የውሃ ቱቦዎቹ አልተቀደዱም። ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር የለም። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዤ አየሁ፤ ዘይቱ ነጭ አረፋ አልያዘም፣ ስለዚህ ውሃ አልገባበትም። ረጋ ብዬ ነበር የሠራሁት። 

አንድ ጥያቄ ብቻ አልጠየቅኩም። ባለሥልጣን ፊት ስቀመጥ ሁልጊዜ የማስቀድመው ጥያቄ ነው፤ "ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ተበላሸ፤ በመካከል ምን ተለወጠ?" ሞተሩን ይህን ብጠይቀው መልሱ ከክንዴ አይርቅም ነበር። ካርቶኑ ከላይ ሲታይ ጠርዙ ብቻ ነው የሚታየው። ቡናማ ነው፤ ራዲያተሩም በአቧራ ቡናማ ሆኗል። ግን ይህ ምክንያት አይደለም። ካርቶኑ በገዛ እጄ ያስቀመጥኩት ስለሆነ ዓይኔ እንደ መኪናው አካል ቆጥሮ አልፎታል።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ በጨርቅ ይዤ ክዳኑን ከፈትኩ። ውሃው ፈልቶ ወጥቷል፤ ጎድሏል። የነበረኝን ውሃ ሁሉ ጨመርኩበት። ውሃ ነው የጎደላት ብዬ ደመደምኩና ተነሳን።

አሥር ደቂቃ አልሄድንም። ይህኛው ከፊተኛው የባሰ ነበር፤ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ዙሪያ እየተትጎለጎለ መንገዱን ጋረደብኝ። ሦስት ሰዓት ከአምስት።

ልጅቱ እስከዚያ ድረስ ሕመሙ ሲመጣ "ማርያም! ማርያም!" እያለች ትጮህ ነበር። አሁን አንድ ጊዜ ክፉኛ ጮኸችና ዝም አለች። ሕመሙ ተወኝ አለች። እናቷ ደስ አላቸው፤ "ተመስገን፣ ፋታ ሰጣት" አሉ። እኔም ደስ አለኝ። ያ ዝምታ ምን እንደነበረ በኋላ ሐኪሙ ነው የነገረኝ።

ከጎንደር በኩል አንድ የጭነት መኪና መጣ። መሐል መንገድ ላይ ቆሜ አስቆምኩት። ሾፌሩ በመስኮት ወጣ ብሎ "ውሃ የለኝም ወንድሜ፣ እኔም ለራሴ እየሳሳሁ ነው የመጣሁት" አለኝ። ፊቱን እንዲያዞር ልለምነው አሰብኩ፤ እስከ ላይ እህል ጭኗል፣ በዚያ ጠባብ ዳገት መዞር አይችልም። ሄደ። ባልየው ባዶ ጀሪካኔን ነጥቆኝ ወደ ሸለቆው ቁልቁል ሮጠ።

ያኔ ነው በእናትየው እግር ሥር ያለውን ሌላ ጀሪካን ያየሁት። ትንሽ ነው፤ አፉ በነጭ ጨርቅ ታስሯል።

"እናቴ፣ ያ ውሃ ነው?"

"ጠበል ነው።"

"ለሞተሩ ያስፈልገኛል።"

"ጠበል ለማኪና?" አሉ። "ምነው ልጄ፣ ክርስቲያን አይደለህም?"

"ነኝ።"

"እንግዲያ ጠበል ለሰው መሆኑን ታውቃለህ። ከአገሬ ተሸክሜ ያመጣሁት ለእሷ ነው። ሁለት ቀን ያቆያት እኮ ይኸው ነው።"

ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው ወደ ደረታቸው ሳቡት። ልክ ነበሩ ማለት አልችልም፣ ልክ አልነበሩም ማለትም አልችልም። ሞተሩ ገና ትኩስ ስለሆነ ወዲያው ቢሰጡኝም አላፈስስበትም ነበር። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

"ስጪው እማ" አለች ልጅቱ ዓይኗን ሳትገልጥ። "እሷም አምጣለች።"

እናትየው ጨርቁን ፈቱ። መጀመሪያ በክዳኑ ቀድተው ልጃቸውን አጠጡ፣ ሆዷን በመስቀል ምልክት አበሱ። ከዚያ ጀሪካኑን አቀበሉኝ።

"በስመ አብ ብለህ አፍስሰው።"

ሞተሩ ሲበርድ በስመ አብ ብዬ አፈሰስኩት፤ አንዲት ጠብታ አላስቀረሁም። ክዳኑን እየገጠምኩ ሳለ አንድ ሽማግሌ ከበስተፊታችን መጡ። ጤፍ የጫነች አህያ ይነዳሉ። መኪናዋ ፊት ሲደርሱ ቆሙና በዘንጋቸው ተደግፈው ጎንበስ አሉ።

"ምን ሆናችሁ?"

"መኪናዋ ፈላችብን፣ አያ" አልኳቸው።

"ምነው ታዲያ አፏን ለጎማችኋት?"

"ምን አሉ?"

በዘንጋቸው ጫፍ ፍርግርጉን ቆረቆሩ። "ይኸ ምንድር ነው? እኔ ይህችን አህያ አቀበት ሳስወጣት አፍንጫዋን ባፍናት የት ትደርሳለች?"

ዞሬ ወደ ፊት ሄድኩ። ከፊት ሲታይ ምንም የተሰወረ ነገር አልነበረውም። በፍርግርጉ ቀዳዳዎች ሁሉ ካርቶኑ ይታያል፤ በልኩ ቆርጬ፣ ቆንጆ አድርጌ የሰካሁት። ጎትቼ አወጣሁት። ትኩስ ነበር፣ በእንፋሎቱም ረጥቧል። ወደ ቦዩ ወረወርኩት።

"ትጥለዋለህ እንዴ? ሸጋ ካርቶን!" አሉ ሽማግሌው። ሄደው አነሱት፣ አራገፉት፣ ከአህያዋ ጭነት ላይ ሰኩት። ከዚያ ወደ ጋቢናው አየት አደረጉና "ውስጥ ማን አለ?" አሉኝ።

"ወላድ።"

ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ማርያም ትፍታት" ብለው አህያዋን ነድተው ሄዱ።

ኮፈኑ ተከፍቶ፣ መስኮቱም ተዘግቶ ስለነበር እናትየውም ልጅቱም ምንም አላዩም፣ አልሰሙም። ባልየው እያለከለከ ከሸለቆው ሲመለስ ጀሪካኑ ባዶ ነበር። "ወንዙ ደርቋል" አለኝ። "ምን ነበረች?"

"ግባ፣ መንገድ ላይ እነግርሃለሁ" አልኩት።

መንገድ ላይ አልነገርኩትም። የተነሳነው ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ነው። አምባ ጊዮርጊስን አለፍን፣ ኮሶዬን አለፍን፣ ቁልቁለቱን ወደ ጎንደር ወረድን። መርፌው ከመሐል ንቅንቅ አላለም። ያን ያህል ጤነኛ ሞተር ነድቼ አላውቅም። ሆስፒታሉ በር ላይ ስቆም ለአምስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ሁለቱን መቆሚያዎች ደመርኳቸው። አንድ ሰዓት ከሩብ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ወጣት ሐኪም ወጣ። ልጁ ሞቶ ነው የደረሰው አለ። ማኅፀኗ ተቀዶ ብዙ ደም ፈስሷታል፤ ሕይወቷን ለማዳን ማውጣት ግድ ሆኗል። እሷ ትተርፋለች ብዬ አምናለሁ አለ። ባልየው "ማውጣት" የሚለውን ቃል በመጀመሪያ አልገባውም። ሐኪሙ እንደገና፣ በቀስታ፣ ልጅ ከእንግዲህ እንደማትወልድ ነገረው።

ሐኪሙን ኮሪደሩ ውስጥ ተከተልኩት።

"አንድ ሰዓት ከሩብ ቀድመን ብንደርስ ኖሮ?"

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"ሾፌሩ ነኝ።"

ትንሽ አየኝ። "ሕመሙ ድንገት የተዋት ጊዜ ነበር?"

"ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ፣ ሁለተኛ ስንቆም።"

"እንግዲያ ማኅፀኗ የተቀደደው ያኔ ሊሆን ይችላል። እርግጡን ግን ማንም አያውቀውም። ከደባርቅ ስትነሳ የልጁ ልብ ይመታ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። እዚህ ስትደርስ አይመታም። በመካከሉ ያለውን እኔ ልነግርዎት አልችልም።"

ሁለት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ ከመጀመሪያው መቆሚያ ተነስተናል። ሳንቆም ብንመጣ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ እዚህ ነበርን። ይህን እንኳ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሜ አሰላሁት። ማኅፀኗ የተቀደደው ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ከሆነ በማንኛውም መንገድ አንደርስም ነበር። መንገዱ ላይ መቆማችን፣ ጭንቀቱ፣ እንፋሎቱ ያፋጠነው ከሆነ ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ሒሳቡን እስከ ዛሬ መዝጋት አልቻልኩም።

ልጁን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለአባቱ ሰጡት። ያልተጠመቀ ስለሆነ ፍትሐት የለውም። አንድ ዲያቆን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከወይራ ሥር ቦታ አሳየን። አካፋ መኪናዬ ላይ ነበረኝ። አፈሩ ደረቅና ድንጋያማ ነው፤ ተራ በተራ ቆፈርን። አካፋውን ሳቀብለው ነገርኩት። ካርቶኑን እኔ መሰካቴን፣ ለምን እንደሰካሁት፣ ዳባት ላይ ማውጣት እንደነበረብኝ፣ ሽማግሌው ምን እንዳሉ። ምንም አልቀነስኩም።

መቆፈሩን አላቆመም። "ለምን ሰካኸው?" አለኝ፣ የነገርኩትን እንዳልሰማ። ከዚያች ሰዓት ወዲያ አንቱ ብሎኝ አያውቅም።

"ሞተሩ እንዲሞቅ። ጋቢናው ሲሞቅ እሷንም ብርድ እንዳያገኛት።"

"ከዚያስ?"

"ረሳሁት።"

ልጁን አስቀመጠ። አፈሩን መለሰ። ከላዩ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ደረደረ፣ እንደ ገበሬ አጥር በጥንቃቄ። ከጨረሰ በኋላ ነው የተናገረው።

"ለእሷ አትንገራት። ስትነቃ የእግዜር ሥራ ነው ትላለች። እግዜርን ትችለዋለች። ካርቶንን አትችለውም።"

"ከጠየቀችኝ አልዋሽም።"

"አብሬያት የምኖረው እኔ ነኝ" አለ። "አንተ ወደ ቤትህ ነው የምትሄደው።"

 እሺ አልኩት።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው ሆስፒታል እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። ሾርባ እወስዳለሁ፣ ብርቱካን እወስዳለሁ። እናትየው ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ምግብ ሲያቀርቡላቸው "ጠግቤያለሁ" ይላሉ፤ ከቀን ቀን እየከሱ ሄዱ። ኀዘን ነው ብዬ አሰብኩ፤ አልጠየቅኩም።

በዘጠነኛው ቀን ልጅቱ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ባሏ ብርቱካን ይልጥላታል። ፊቷ ላይ ትንሽ ደም ተመልሷል።

"ያን ቀን ማኪናዋ ምን ሆና ነው የቆመችው?" አለችኝ።

የባሏ እጅ ብርቱካኑ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አላየኝም።

"ውሃ አንሷት ነበር" አልኩ።

ሐሰት አይደለም። ውሃ አንሷት ነበር። እንዲህ ያለ መልስ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ወዲያው አውቀዋለሁ፤ እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ሁሉም ተደምሮ ውሸት የሚሆን።

ልጅቱ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወደ ወለሉ፣ ወደ እናቷ ተመለከተች።

"እንግዲያ" አለች በዝግታ፣ "ጠበሉን ገና ስንቆም ብትሰጪው ኖሮ እንደርስ ነበር?"

እናትየው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ጎንበስ አሉ፤ ጥያቄውን ሲጠብቁት የሰነበቱ ይመስሉ ነበር።

"አይደለም" አልኩ።

ባልየው ተነሳ። "ጋሼ" አለ፤ ቁጣ አልነበረም፣ ልመና ነበር። ቀጠልኩ። ከደባርቅ ጀምሬ በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ ለባሏ እንደነገርኩት፣ አንድም ሳልቀንስ። ጠበሉ ምንም እንዳላዘገየን፣ ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ እንደነበረ፣ ያፈላት እኔ መሆኔን። ባልየው ብርቱካኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ሳልጨርስ ከክፍሉ ወጣ።

ልጅቱ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሲያልቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ስድብ አልመጣም። 

የተናገሩት እናትየው ናቸው። ከወለሉ ቀና ብለው አዩኝ።

"ዘጠኝ ቀን" አሉ። "እኔ ነኝ ብዬ ዘጠኝ ቀን።"

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ እኔ ስድስት ጊዜ መጥቼ፣ ስድስት ጊዜም በእሳቸው አጠገብ አልፌ ወጥቻለሁ።